ከአዲስ አበባ የሚጠፋ መብራት

ሳቢሃ ስትቆጣ መቀሷን ታስቀምጣለች። ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ "መቀስ የያዘ ሰው ክርክር አይጀምርም" ትል ነበር። ስለዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር እሷ ዘንድ ልብስ የሚያሰፉ ሴቶች መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ከሰሙ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን መቀሱ አይቀመጥም። ሳቢሃ ታጋሽ ናት። ትዕግሥቷን ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል፤ ከሁሉ ይልቅ ታናሽ ወንድሟ ቲጃኒ።

የምትሰፋው የሙሽራ ልብስ ነው። የምትሰፋውም ተወልዳ ባደገችበት ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ወደ ጠባቡ ጓሮ በሚያይ ክፍል ነው። አባቷ መሐሙድ ከሊሙ ገነት ቡና እያመጣ ጅማ ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ቡናው ባማረ ዓመት ቤቱ ላይ አንድ ክፍል ይቀጥላል፤ ቤቱም እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ጓሮ ረዘመ። ማብሪያዎቹም ግንበኛውን ባሰኘው ቦታ ተበተኑ። አንዱ ጥቁርና ክብ ነው፤ አንዱ በገመድ ይሳባል፤ አንዱ ከበር ጀርባ ተደብቋል። የአጥሩ በር መብራት ደግሞ የሚበራው ሳሎን ውስጥ ሆኖ ነው። ሃያ ስድስት ማብሪያ። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ ሲዳብስ ይቆያል፤ ሳቢሃ ግን ጨርቅ እንደታቀፈች በክርኗ ታበራለች።

አባቷ ሲሞት ቲጃኒ አዲስ አበባ ገባ፤ የስልክ ዕቃ ይነግዳል። እናታቸው ስትታመም ያስታመመች ሳቢሃ ናት። ቤቱ እስከ ዛሬ የሁለቱ ነው፤ አልተከፈለም።

ጅማ ውስጥ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚደረግ ሕፃንም ያውቃል። ሲመጣ እንዳያቃጥለው ፍሪጁ ይነቀላል። ከዚያ አንድ ማብሪያ እንደበራ ይተዋል፤ መብራቱ ሲመጣ አምፖሉ ራሱ እንዲናገር። ሳቢሃ የምትተወው የሥራ ክፍሏን ነበር። ዓይኗን ጨፍና ጋደም ትላለች፤ ብርሃኑ ሽፋሽፍቷን ሲነካት ተነሥታ መርፌዋን ታነሣለች። ከዚህ የቀለለ ነገር በዓለም ላይ የለም።

ለአረፋ በዓል ቲጃኒ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ።

"እታለም! ኩኖ፣ ይኸው ስጦታሽ!"

ስትከፍተው በነጭ መስታወት የተሸፈኑ ጠፍጣፋ ነገሮች ተደርድረዋል።

"ምንድን ነው?"

"ስማርት ማብሪያ። በጣትሽ መንካት ብቻ ነው። ካልፈለግሽ ደግሞ በስልክ። አልጋሽ ላይ ተኝተሽ የኩሽናውን ታጠፊያለሽ።"

"እኔ አልጋዬ ላይ ከተኛሁ ኩሽና ማን አለ?"

ቲጃኒ ሳቀ። "ወላሂ፣ አንቺ እኮ ቀልደኛ ነሽ።"

"አልቀለድኩም። ስትመርጥ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ስጦታ ይጠየቃል እንዴ?"

የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ነጋሳ ተጠርቶ መጣ። የመጀመሪያውን ማብሪያ ፈትቶ ወደ ጉድጓዱ እያየ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "የድሮ ቤት ነው። ማብሪያው ጋ ኒውትራሉን፣ መላሹን ሽቦ፣ አላወረዱም።"

"አውቃለሁ" አለ ቲጃኒ። "ያለ ኒውትራል የሚሠራውን ነው የመረጥኩት። መርካቶ፣ ቦሌ፣ ሁሉንም ጠይቄያለሁ።"

ስለ ሽቦው ጠይቆ ነበር። እህቱን አልጠየቀም።

ነጋሳ ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ዋለ። የድሮዎቹን ማብሪያዎች ወደ ቆሻሻው ሊጥል ሲል ሳቢሃ ተቀበለችውና ቁልፍና መርፌ በምታኖርበት የብስኩት ጣሳ ውስጥ ከተተቻቸው። ቲጃኒ ስልኩ ላይ የቤቱን ክፍሎች አንድ በአንድ መዘገበ።

"የኔስ ስልክ ላይ?" አለች።

"ያንቺ አሮጌ ነው፣ አይቀበልም። አብሽሪ፣ አዲስ ስልክ እልክልሻለሁ።"

በማግሥቱ ሄደ። ስልኩ አልመጣም። የቲጃኒ ጥሪ ግን ይመጣ ነበር።

"እታለም፣ መተላለፊያው ለምን በራ?"

"ስላለፍኩበት።"

"ሳሎኑስ?"

"ስለተቀመጥኩበት።"

"እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ፤ አትቆጪ እንጂ።"

መስታወቱ ክርን አይሰማም። ጨርቅ የታቀፈ ሰው ጨርቁን አስቀምጦ በጣቱ መንካት አለበት፤ ጣቱም እርጥብ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ። ማታ የጠፋው አምፖል ጨርሶ አይጠፋም፤ እንደ ታማሚ ዓይን ጭል ጭል ይላል። አንድ ቀን ሳቢሃ ለሶላት ውዱእ እያደረገች የሻወሩ መብራት ድርግም አለባት። ደወለች።

"የረሳሽው መስሎኝ ነው" አለ ቲጃኒ፣ ሦስት መቶ ኃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ቁጭ ብሎ።

ጎረቤቷ ሙሉእመቤት ይህን ስትሰማ አጥሩን ተደግፋ እስክትደክም ሳቀች። "ሳቢሃዬ፣ ባል ሳታገቢ ጠባቂ አገኘሽ! የኔው እንኳ ከበር ወዲያ አይቆጣጠረኝም።"

ሳቢሃ አልሳቀችም። መቀሱን ግን ገና አላስቀመጠችም። ወንድሜ ነው፣ ያደረገው በፍቅር ነው፣ ብላ ራሷን ትመክራለች። ሴት ልጅ ስትናደድ መጀመሪያ የምትመክረው ራሷን ነው፤ ይህን ማን እንዳስተማረን አላህ ይወቀው።

ሐምሌ ውስጥ የቆየች ደንበኛዋ የሰሊማ ልጅ ሱዓድ ልታገባ ሆነ። ሰሊማ የሱዓድን ሦስት ታላላቅ እህቶች የዳረችው በሳቢሃ እጅ በተሰፋ ልብስ ነው። ለሱዓድም ሳቢሃ ከሌሎቹ የበለጠ ደክማለች። የኒካሁ ዋዜማ የቀራት የእጅጌውና የጠርዙ ዶቃ ብቻ ነበር። ምሽት ላይ ሂና የሚቀቡት ሲመጡ ሙሽሪት ልብሱን ለክታ ታያለች ተባብለዋል።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ መብራቱም ሄደ፤ መስታወቶቹ ከገቡ ወዲህ በሥራዋ ሰዓት ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሳቢሃ እንደ ወትሮዋ ፍሪጁን ነቀለች። እንደ ወትሮዋ የሥራ ክፍሏን ማብሪያ በጣቷ ነካች። ዶቃው ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም ነው፤ በዚያ ጨለማ አይሰፋም። ተቀመጠች፤ ጠበቀች።

መስታወቱ ግን መብራት በሌለበት ሰዓት ሬሳ ነው። ጣቷን አልሰማም፤ አላስታወሰም። የድሮው ማብሪያ እንደተጫኑት ይቆይ ነበር፤ ይሄኛው እንደጠፋ ቀረ። መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች "ዱፌ! መጣ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ ያን ቀንም ጮኸው ይሆናል። የቆርቆሮው ድምፅ ዋጠው። ሳቢሃ ብርሃኑ መጥቶ እስኪነካት በጨለማው ውስጥ ቁጭ አለች፤ ብርሃኑ ደግሞ እሷ እስክትነካው ግድግዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ሰሊማ የገባችው ሲመሻሽ፣ መግሪብ አዛን ሲል ነው፤ ጃንጥላዋ ውኃ ያንጠባጥባል።

"ሳቢሃ! ምነው በጨለማ? ጨረሽው?"

"መብራት ሄዶ እኮ ነው።"

"የት ሄዶ? መንገዱ በርቷል! ሙሉእመቤት ቤት ቴሌቪዥኑ ይጮኻል! ከመጣ እኮ ቆየ።"

ሳቢሃ ተነሥታ መስታወቱን ነካች። ክፍሉ ፍንትው አለ። ልብሱ ማሳያው ላይ፣ አንድ እጅጌው አብረቅርቆ፣ ሌላው ራቁቱን ተንጠልጥሏል።

"ተኝቼ ነበር በይኝ" አለች ሰሊማ ቀስ ብላ። "እሱ ይሻለኛል።"

"እንደሄደ ተጭኜው ነበር። ወላሂ ተጭኜው ነበር።"

"ተጭነሽው አልበራም? ማል ጄታ? ምን እያልሽኝ ነው?"

"ቁጭ በይ፣ እዚሁ አጠገብሽ እጨርሰዋለሁ።"

"ያረቢ! ቤት ሙሉ ሰው ይጠብቀኛል። ልጄ ከነጋ ትወጣለች።" ሰሊማ ልብሱን ከማሳያው ላይ አውርዳ ማጠፍ ጀመረች። በምን ዓይነት ጥንቃቄ! ያ ጥንቃቄ ከስድብ ይከፋ ነበር። "እዚህ ጅማ መርካቶ ያለው ሰውዬ ይጨርሰው። ዶቃውን ስጪኝ።"

የቤተሰቡን አራተኛ ሙሽራ ሌላ እጅ ጨረሰላት።

ሰሊማ ስትወጣ ሳቢሃ መቀሷን እንደያዘች በቤቱ ውስጥ መሄድ ጀመረች። የደረሰችበትን መስታወት ሁሉ ነካች፤ የመተላለፊያውን፣ የኩሽናውን፣ የእናቷን ክፍል፣ ሰው የማይገባበትን የጓሮ ዕቃ ቤት ሳይቀር። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር በራ። ከዚያ ከመጨረሻው ክፍል ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠፋባት ጀመር። ስልኳ ጮኸ።

"እታለም፣ ምነው ቤቱን ሁሉ አበራሽው? ሰርግ አለ እንዴ?"

ሳቢሃ መቀሷን አስቀመጠች።

"ሰርግ ነበረ" አለች።

"እንዴ፣ ምን ሆንሽ?"

"ቲጃኒ፣ አሁን ያጠፋኸው ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ።"

"ውይ፣ አፉ በይኝ፣ መልሼ ላብራው—"

"አታብራው! እንዳትነካው! እማዬ ስትታመም ይህን መተላለፊያ ሌሊት እየዳበስኩ ስመላለስ አንተ የት ነበርክ? ያኔ ከሩቅ የሚያበራልኝ አልነበረም። ዛሬ ከሩቅ የሚያጠፋብኝ መጣ። አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልሽ ብለህ ደውለህልኝ ታውቃለህ? መተላለፊያው ለምን በራ ነው የምትለኝ! ግድግዳው ነው የሚናፍቅህ ወይስ እኔ?"

"ቤቱ የሁለታችን ነው እኮ፣ እታለም።"

"የሁለታችን ነው። ጨለማው ግን የኔ ብቻ ነው።"

ዘጋችው። መልሶ ደወለ፤ አላነሣችም። በዚህ ጊዜ ራሷን አልመከረችም።

ጠዋት ነጋሳን አስጠራችው። "ሁሉንም አውጣልኝ።"

ነጋሳ ካቻቢቴውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ቲጃኒን ሳልጠይቅ..."

"ስታስገባቸው እኔን ጠይቀኸኝ ነበር?"

አንገቱን ደፋ። የብስኩት ጣሳውን አቀረበችለት፤ የድሮዎቹ ማብሪያዎች ከቁልፍ ጋር ተቀላቅለው እየተንሿሹ ወጡ። ሲመሽ ቤቱ ወደ ቀድሞው መልኩ ተመለሰ፤ ጥቁሩ ክብ በቦታው፣ ገመዱም በቦታው። መስታወቶቹ ካርቶናቸው ውስጥ ገብተው በአዲስ አበባ አውቶብስ ተላኩ።

አንድ ነገር ቀረ፤ የአጥሩ በር። ሳቢሃ አምሽታ ስትመለስ ግቢውን በጨለማ አቋርጣ ሳሎን ገብታ ነው የምታበራው። ይህ አንዱ በስልክ ቢበራ ይጠቅማታል፤ ቂም ይዛ ራሷን ልትጎዳ አልፈለገችም። ነጋሳን አስከትላ ጅማ መርካቶ፣ ሸኩር ወደሚባል ነጋዴ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄደች።

"ለስንት ማብሪያ ነው?" አለ ሸኩር።

"ለአንድ።"

ያንኑ ዓይነት መስታወት አወጣላት። ወደ ራሱ መልሳ ገፋችለት።

"መብራት በሌለ ሰዓት ብጫነው፣ ሲመጣ ያስታውሰኛል?"

"ይሄ? አያስታውስም።" ሸኩር ሳቅ አለ። "ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ቀለሙን ነው።"

"የሚያስታውሰውን አምጣ።"

የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር አቀረበላት። "ይቺ ከድሮው ማብሪያሽ ጀርባ ትገባለች። ማብሪያሽ ቦታው ላይ ይቀራል፤ እንደተጫንሽው ይቆያል። ስልክ ሲያስፈልግሽ ደግሞ በስልክ። ኒውትራል ግን ትፈልጋለች።"

"ለአንድ ማብሪያ ስቤ አመጣለሁ" አለ ነጋሳ፣ ከኋላዋ።

"ኢንተርኔቱ ቢቋረጥስ?"

"በእጅሽ ነዋ!"

"ስልኩ ላይ የሚከፍተው ማን ነው? የኔ አሮጌ ነው፣ አይቀበልም ተብያለሁ።"

ሸኩር ስልኳን ተቀብሎ ገለባበጠው፤ አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገና መለሰላት። "ማነው ያለሽ? ይኸው ተቀበለ።"

ሳቢሃ ስልኳን እያየች እዚያው ሱቅ ውስጥ እንደገና ተናደደች። ቲጃኒ አልሞከረውም ነበር፤ እንዲሁ ነበር ያላት።

ነጋሳ ያቺን ሳጥን ከአጥሩ በር ማብሪያ ጀርባ ካስገባ በኋላ፣ ካርቶኑ አዲስ አበባ የደረሰ ቀን ወንድሟ ደወለ። "ሰው ስጦታ ይመልሳል እንዴ?"

"ስጦታ ሲሆን አይመለስም።"

"ስለ ሱዓድ ልብስ ሰማሁ" አለ። "አላወቅኩም፣ እታለም። መብራት ሲሄድ እንደዚያ እንደሚሆን አላሰብኩትም።"

"አንተ ጅማ ነው ያደግከው። እንዴት አታስበውም? እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ አስብልህ ነበር።"

"ልክ ነሽ።"

ሳቢሃ ይህን ቃል አልጠበቀችም። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ግን የሚይዘው አጣ።

"የአጥሩን በር መብራት በስልክህ እንድታበራው ልኬልሃለሁ" አለች። "እሱን ብቻ።"

"ለምን እሱን?"

"ትንሽ ሆነህ ከቁርአን ቤት ስትመለስ ጨለማው አስፈርቶህ ውጭ ቆመህ 'እታለም!' እያልክ ታለቅስ አልነበር? እኔ ነበርኩ ሳሎን ሮጬ የማበራልህ። አሁን ስትመጣ ራስህ አብርተህ ግባ። ከበሩ ወዲህ ያለውን ግን እንዳትነካ።"

በማግሥቱ፣ ከሰዓት ሳይደርስ፣ ሙሉእመቤት በአጥሩ ላይ ተጣራች። "ሳቢሃ! በጠራራ ፀሐይ መብራት? ሀብታም ሆንሽ እንዴ?"

ሳቢሃ መቀሷን እንደያዘች ወጥታ አየች፤ የአጥሩ በር አምፖል በቀን ብርሃን ውስጥ ቦግ ብሏል። ሳሎን ገብታ በክርኗ ተጫነችው፤ ጠፋ። ወደ ሥራዋ ሳትደርስ እንደገና በራ። ተመልሳ አጠፋችው። እንደገና በራ።

"ይሄ ጅል፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሰላም ይለኛል!" አለች፣ ጎረቤቷ እስክትሰማ። ሦስተኛ ጊዜ አልተመለሰችም። የሰሊማ ቤት ሰዎች አሁንም በዚያ በር አያልፉም፤ ሱዓድ አግብታ ሄዳለች። ሳቢሃ ወደ ሥራ ክፍሏ ገባች፤ አምፖሏን በክርኗ አበራችና የሌላ ሙሽራ ጨርቅ መቅደዷን ቀጠለች።