ዕውሯ ግመል

ባለፈው ሰመራ አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ ወተት ሳዝ፣ የወሎ ልጅ የሆነችው ባለቤቲቱ በጭስ በታጠነ ዕቃ ያደረ የግመል ወተት አመጣችልኝ፤ አንዴ ፉት ከማለቴ ከተማው ከነአስፋልቱ ጠፋና ዱብቲ፣ የጥጥ እርሻው ሠራተኞች ሰፈር፣ የቆርቆሮ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

በልጅነቴ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዱብቲ ግን ነበረች፤ ጥጥ፣ ትንኝ፣ የመስኖ ቦይና ከየአገሩ የተለቃቀመ ሰው።

አባቴ ከመንዝ የወረደ የእርሻው ጸሐፊ ነበር፤ ቀን የሠራተኛ ስም ይጽፋል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ታሪክ። ከሰፈራችን ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር ነበር። እኛ ደገኞቹ፣ በጥንት ነገሥታት ዘመን አንድ ንጉሥ ቆላ ወርዶ ሠራዊቱን ውሃ ጥም ሲፈጅበት ነጋሪቱን እዚያ ቀበረው እንላለን፤ ባለሱቁ ሼህ እንድሪስ ደግሞ ወላሂ የወልይ መቃብር ነው ይላሉ። አባባ እውነቱን አጣርቶ መጽሐፍ ሊያደርገው ቆርጦ ተነስቷል። እናቴማ፣ «ከሞተ ንጉሥ ጋር ከምትውል ያንን በር ብትጠግን ምናለ!» ትለው ነበር።

ወተት የምታመጣልን ፋጡማ የምትባል አፋር ነበረች። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው፤ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ከማን እንደሰሙት ጭምር፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ፋጡማም የት ዝናብ እንደጣለ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ሚሌ መንገድ ላይ የትኛው መኪና እንደተገለበጠ ከነገረችኝ በኋላ እንደ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «አንቺስ ምን ሰማሽ?» ትለኛለች። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ትሰማለች? አንድ ቀን እንደ ወትሮው የምነግራት ማጣቴ አሳፈረኝና፣ ድንጋዩ ሥር ነጋሪቱን የተሸከመችው ዕውር ግመልም አብራ ተቀብራለች አልኳት። ከማን እንደሰማሁ ጠየቀችኝ። ከአባባ፣ አልኩ። ግመሏን ለምን ዕውር እንዳደረግኳት ዛሬም አላውቅም።

ከወራት በኋላ አባባ አሳይታ ድረስ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ጠይቆ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «ዕውር ግመል! እዚህ ማንም አልነገረኝም እኮ! ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ባይሆን ከየት ያመጡታል?» አለና በቀይ ቀለም ጻፋት። የቀለሙን ብልቃጥ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ሼህ እንድሪስ ብቻ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «አቶ ታደሰ፣ ለመሆኑ ሽማግሌው ከማን ሰሙት?» አሉት። አባባ አልጠየቀም ነበር። ደገኛ አይደል፣ ሽማግሌ ከተናገረ ይበቃል ብሎ ነው።

ተመልሶ ሄደ። ሽማግሌው አንድ በአንድ ቆጠሩለት፤ እሳቸው ከወንድማቸው ልጅ፣ እሱ ከአንድ ግመል ነጂ፣ ግመል ነጂው ከፋጡማ፣ ፋጡማ ከጸሐፊው ልጅ፣ ልጅቷ ከአባቷ። አባባ፣ እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም፣ አለ። ያ ሁሉ ሰው ሐሰት ሲቀባበል እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው፤ ለአፋር ደግሞ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

አልገረፈኝም። በገረፈኝ! ከዚያ ወዲያ ስለ ድንጋዩ ሊያጫውተው የሚቀመጥ ሽማግሌ አላገኘም፤ ሰላም ይሉታል፣ ያልፋሉ። ደብተሩ በግማሽ ቀርቶ ሳጥን ውስጥ ገባ፣ አባባም እውነቱን ሳያውቅ ሞተ። ፋጡማ ወተት ማምጣቷን አልተወችም። ሙሉውን ታስቀምጣለች፣ ባዶውን ታነሳለች፣ ትሄዳለች። ምን ሰማሽ ብላ ግን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ወተቴን ስጨርስ ባለቤቲቱ አጠገቤ ለተቀመጡ ቱሪስቶች ስለ ድንጋዩ ታወራለች። ንጉሡ አለ፣ ነጋሪቱ አለ፣ ዕውሯ ግመልም አለች፤ አንገቷ ላይ ደወል ተጨምሮላታል።

«ከማን ሰማሽው?» አልኳት።

«ኧረ እማማ፣ ከጥንት ጀምሮ የሚባል ነው!»

«ዕውሯን ግመል የፈጠርኳት እኔ ነኝ» አልኳት። ይህን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«ቀልደኛ ነዎት!» ብላ ከት ብላ ሳቀችና ወደ እንግዶቿ ዞረች። ፋጡማ ብትሆን ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር።