መርሳ ያደረሱኝ ሽማግሌ

ገንዘብ አልቀበልም የሚል ሰው ያስፈራኛል። ያን ቀን ጠዋት፣ ወልድያ መውጫ ላይ፣ መንገድ ሊያሳዩኝ የተስማሙት ሽማግሌ እንዲህ አሉኝ፤ «ገንዘብሽን ያዢ፤ እኔም መርሳ ጉዳይ አለኝ።» ምን ጉዳይ እንደሆነ ብጠይቃቸው «ጉዳይ ነዋ» አሉ። ከዚያ በምርኩዛቸው የአሮጌዋን ቪታራ መኪናዬን ወርድ ለኩ። ጎንበስ ብለውም ሆዷ ከመሬት ስንት ስንዝር ከፍ እንደሚል አዩ። መኪና የማይነዳ ሰው የሰው መኪና የሚለካው ለምንድን ነው? ነጥቆ ለገዢ ሊያቀርባት ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

ምርጫ ግን አልነበረኝም። የሰባት ዓመት ልጄ መርሳ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ነበረች። ለሳምንት ብላ ሄዳ ጦርነቱ እዚያው አገኛት። በዋዜማው፣ ስልክ ከመቋረጡ በፊት የባሌ እህት የነገረችኝ የመጨረሻ ነገር «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጎረቤቱ ጋር በእግራችን ወደ ደሴ እንወጣለን፤ ካልደረስሽ ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ» የሚል ነው። አስፋልቱ ተኩስ አለበት ተብሎ ተዘግቷል። በሐራ በኩል ወርዶ፣ በሀብሩ ቆላ በከብት መንገድና በደረቅ ወንዝ አድርጎ መርሳ መግባት ይቻላል ይባል ነበር፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ። እኔ በመንግሥት ሥራ ስድስት ዓመት ወልድያ ኖርኩ እንጂ ገጠሩን አላውቀውም። አነጋገሬም የአገሬው አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሰው የሚመዘነው በአነጋገሩ ነበር።

ከአስፋልቱ ወርደን ማሽላው ውስጥ ስንገባ ጥያቄ ጀመሩኝ። ስምሽ ማነው? ያባትሽስ? ባልሽ የት ነው? «አዲስ አበባ ነው ሥራው» አልኩና ብቻዬን መሆኔን በገዛ አፌ ስለነገርኳቸው ከንፈሬን ነከስኩ። ቀጠሉ። የልጅሽ ስምስ? አክስቷ መርሳ የቱ ሰፈር ነው ቤቷ? ግማሹን በውሸት ልመልስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ስለነበር ውሸት ለመፍጠር ፋታ አላገኘሁም።

መንገዱ መንገድ አይባልም። ፎር ዊል አስገብቼ በአንደኛ ማርሽ እንፏቀቃለሁ፤ አንዱ ጎማ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ነው። «ግራ ያዢ፣ ልጄ። ቀስ። አሁን ልቀቂያት» ይሉኛል። አንዴም አልተሳሳቱም። ያም አላማረኝም።

መርሳ በስተደቡብ ነው። የጠዋቷ ፀሐይ ግን ፊት ለፊት ዓይኔ ውስጥ ትገባለች።

«አባቴ፣ ይሄ ወደ አፋር የሚወስድ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ጥቂት ወርደን እንታጠፋለን።»

«ለምን አሁን አንታጠፍም?»

«አሁን ብትታጠፊ ገደል ነዋ!»

ገደል አይታየኝም። የሚታየኝ ማሽላ ብቻ ነው።

ይባስ ብሎ መንደር በደረስን ቁጥር «አቁሚ» ይሉና ይወርዳሉ። ካገኙት ሰው ጋር እጅ ለእጅ ይሳሳማሉ፤ «አሰላሙ አለይኩም» ተባብለው ልጁ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው ሲባባሉ ይቆያሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ሁለቱም ዞር ብለው መኪናዋን ያያሉ። እኔ ሞተሩን አላጠፋም፤ እግሬም ከፍሪሲዮኑ ላይ አይነሳም። ሲመለሱ «ምን አሉ?» እላለሁ። «የታችኛው ወንዝ ትናንት ሞልቶ ነበር፤ በላይኛው ተሻገሩ አሉን» ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን በምን ላውቅ? በልቤ ግን «ሴት ናት፣ ብቻዋን ናት፣ መኪናዋም ደህና ናት» ሲባባሉ ሰምቼ ጨርሻለሁ።

አንዱን ደረቅ ወንዝ እንደተሻገርን አራት ጎረምሶች መንገዱን በግራር እንጨት ዘግተው አገኘናቸው። ሁለቱ ክላሽ ይዘዋል። መታወቂያዬን አዩ፣ አናገሩኝ፣ አነጋገሬን ሲሰሙ ተያዩ። ያኔ ደንቡ አጭር ነበር፤ ካገሬው አንድ ሰው «አውቃታለሁ» ካለ ታልፊያለሽ፣ ካላለ ትቀሪያለሽ።

«ማን ያውቃታል ይህችን ሴት?» አለ አንደኛው።

«እኔ። የልጄ ሚስት ናት» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

«ማተብ አስራለች'ኮ፣ አባ!»

«አስራ እንደሁስ? አንተ የወሎ ልጅ አይደለህም? የናትህን ወንድሞች ስም ቁጠርልኝ እስኪ!»

ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። ሽማግሌው ስሜን ካባቴ ስም ጋር ጠሩ፤ የልጄን ስም፣ መርሳ ያለችበትን ሰፈር ሳይቀር ደረደሩ። በላዩ ላይ «ወላሂ» ጨመሩበት። እንጨቱ ተነሳልን።

ጥቂት እንደሄድን «አስተግፊሩላህ» እያሉ ፈጣሪን ይቅርታ ሲለምኑ ሰማኋቸው፣ በቀስታ፣ ለራሳቸው።

ደህና ሰው ብሆን ኖሮ እዚያው አቁሜ እጃቸውን እስም ነበር። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ለማያውቃት ሴት በፈጣሪ ስም እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ ሰው፣ እኔን መዋሸት ምን ያቅተዋል? ቦርሳዬን ከመካከላችን አንስቼ በበሩ በኩል ሸጎጥኩት። አይተዋል መሰለኝ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ስምንት ሰዓት እንዳለፈ መርሳ መግቢያ ደረስን። ኬላው ላይ ሚሊሻዎች ነበሩ። የኔን ወረቀት አይተው «እለፊ» አሉኝ። ሽማግሌው ግን መታወቂያ አልያዙም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከቆላው ወገን ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው ሁሉ ሰርጎ ገብ ነበር።

«ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አለኝ አንዱ።

ዞሬ አየኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። መልሴን የሚጠብቁ እንኳ አይመስሉም።

«የምታውቂው ከሆነ ዋስ ትሆኛለሽ፤ ኃላፊው እስኪመጣ እዚሁ ትቆያላችሁ» አለ ሚሊሻው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ ትሄዳለች። እውነቱን ለመናገር ግን ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ስጠረጥራቸው ውዬ አፌ ሌላ ነገር ለመናገር አልተዘጋጀም።

«ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ነው ያገኘኋቸው» አልኩ።

ውሸት የለበትም። ሚሊሻው ሽማግሌውን «ውረድ» አላቸው። ሊወርዱ ሲሉ በሩ እምቢ አላቸው፤ ከውስጥ ሲከፈት ያስቸግራል። እጄን አሻግሬ ከፈትኩላቸው።

ልጄን ጫማዋን አድርጋ፣ ትንሽ ጥቅል ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ አገኘኋት። አቅፌያት አለቀስኩ። አክስቷ «በየት በኩል መጣሽ በሞቴ?» አለችኝ።

«በሐራ። አንድ ሽማግሌ እየመሩኝ።»

«ታዲያ የታሉ? ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ለቀቅሻቸው?»

አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አክስቷን «ጠብቂኝ» ብዬ ልጄን ከመኪናው ኋላ አስቀመጥኳትና ወደ ኬላው ተመለስኩ።

ሽማግሌው ከሦስት ሰዎች ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«አውቃቸዋለሁ» አልኩት ሚሊሻውን። «ዋስ እሆናለሁ። ኃላፊው እስኪመጣም እቆያለሁ።»

«ቅድም መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት አላልሽም?»

«ቅድም ፈርቼ ነው።»

«ሚስቴ እዚህ ጤና ጣቢያ ተኝታለች ይላል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።» ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ካወቅሽው እሺ። ስሙ ማነው?»

ቀኑን ሙሉ «አባቴ» ስላቸው ነበር የዋልኩት። ወደሳቸው አየሁ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሚሊሻው «አንተን አልጠየቅኩም» አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለኔ ጊዜ ሰጠኝ። «ስሙን ብቻ ንገሪኝ» ብሎ ደገመልኝ።

ስማቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

«ሂጂ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ልጅቷን ፀሐይ መታት።» ተመልሰው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።