አምስተኛው ጥያቄ

ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጡት አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሦስት ነበሩ። አንደኛው እዚህ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሙስሊም የሆኑ የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ፤ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ አባል፤ ሦስተኛው ደግሞ የምወደው ልጅ የሚዘፍንበት ምግብ ቤት ባለቤት። ኪሌሌሽዋ ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበልጣል። ቁና ቁና እየተነፈሱ ደርሰው እንኳ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ድርቅ አሉ። እኔና እናቴ ኩሽና ውስጥ ሆነን በሩን ገርበብ አድርገን እናዳምጣለን። «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ እስከ ማግስቱ አልለቀቀም።

አባቴ በልቡ እሺ ካለ ቆይቷል። ልጁን ይወደዋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር እየጠራ የድሮ ዘፈን ያዘፍነዋል። ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ሴት ልጁን የሚሰጥ አባት፣ ልጁ የሰለቸችው ይመስላል እኮ! ስለዚህ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ቤተሰብ ላማክር፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ተመለሱ» አላቸው። እነሱም እንደዚሁ እንደሚባሉ አውቀው ስለመጡ ፈገግ እያሉ ወጡ።

«ማንን ነው የምታማክረው? ናይሮቢ ያለነው ሦስታችን ነን» አልኩት ተናድጄ።

«ሥርዓት ነው ልጄ» አለና ሳቀ። «ሦስት ሳምንት የት ይሄዳል?»

የት እንደሚሄድ አየሁት። በዚያ እሁድ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አባቴን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜው ነበር። አሁን ግን እንኳንም ቀጠራቸው እላለሁ። ይህን የምለው ደህና በዋልኩበት ቀን ነው።

እሱን የማውቀው ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ ኪቦርዱን ዘርግቶ ይዘፍናል፤ ሰው ይበላል። እውነቱን ለመናገር ማንም አያዳምጠውም ነበር። ዘፈኑ መሃል «አንድ ክትፎ፣ ለብ ለብ!» የሚል ጩኸት ይገባበታል። እኔ ነበርኩ የማዳምጠው። ለኔ አንድ ዘፈን ሠራ። ጠዋት ጠዋት ስኒከር አድርጌ፣ የሥራ ጫማዬን በቦርሳ ይዤ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ የምጠብቅበት ፌርማታ ላይ አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ አይቶኝ ነበር። ዘፈኑ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ዝናብ ውስጥ ስለቆመች ልጅ ነው። «ፌስታል እኮ እዚህ አገር ክልክል ነው፣ ልታሳስረኝ ነው?» ስለው፣ «ቦርሳ ለዜማው አይመችም» አለኝ። የመጨረሻዋ ስንኝ በስዋሂሊ «ንጎጃ» ትላለች፤ ጠብቂኝ ማለት ነው። ለኔ የተባለች መስላኝ ስንት ቀን ደስ ብሎኛል።

ሽማግሌዎቹ በመጡ በሁለተኛው ቀን፣ ምግብ ቤቱ ልደቷን ልታከብር የመጣች አንዲት ኬንያዊት ያቺን ዘፈን በስልኳ ቀርጻ ለቀቀቻት። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ማታቱ ውስጥ የሱ ድምፅ ጮክ ብሎ ሲወጣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጠች የትምህርት ቤት ልጅ ከነግጥሙ ታዜመዋለች፤ አንድም የአማርኛ ቃል አታውቅም። «ጫማው የኔ ነው!» ልላት ምንም አልቀረኝ። ቅዳሜ ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ዝናብ ውስጥ እየቆሙ ቪዲዮ ይሠሩ ጀመር። እኔም ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ዘልያለሁ፤ ይህን አልክድም። የኔን ሰው አገር አወቀው ብዬ ነው።

ከዚያ ማናጀር የሚባል መጣ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ አበሻ ነው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ ካላወራ የተናገረ አይመስለውም። ባንድ ሳምንት ውስጥ ልብሱን ቀየረለት፣ ፀጉሩን ቀየረለት፣ ስልኩንም እሱ ያነሳለት ጀመር። ስደውል «ሲስ፣ ሪኸርሳል ላይ ነው፣ ባዳዬ ይደውልልሻል» ይለኛል። ባዳዬ ማለት በኋላ ነው፤ በኋላ ግን አይደውልም።

አንድ ቀን ግን በምሳ ሰዓት እሱ ራሱ ሥራ ቦታዬ፣ ጊጊሪ ድረስ መጣ። እኔ እዚያ ላሉ መሥሪያ ቤቶች በአስተርጓሚነት እሠራለሁ፤ የስደተኛ ጉዳይ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የጠበቃ ቃለ መጠይቅ። በሩ አካባቢ ከታክሲዎቹ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ባርኔጣውን እስከ ዓይኑ ደፍቷል። ክስት ብሏል። እጄን ይዞ አለቀሰ።

«ሁሉም ነገር ባንዴ መጣብኝ» አለኝ። «ይህ ካመለጠኝ ሁለተኛ አይመጣም። አንቺም ካመለጥሽኝ ሁለተኛ አትመጪም። ምን ልሁን?»

«ማን ምረጥ አለህ?» አልኩት። የምሬን ነው የጠየቅኩት፤ አልገባኝም ነበር።

ባርኔጣውን ይበልጥ ደፋና «ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ፤ በእናቴ እምልልሻለሁ» አለ። ቀጥሎም ረቡዕ ከተማ መሃል ባለ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ እንዳለው፣ እንግሊዝኛው ስለማይበቃው እንዳስተረጉምለት ለመነኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በክብሩ ቀን አጠገቡ ሊያስቀምጠኝ ነው ብዬ ነው የተረዳሁት። እንደ ሥራ ልማዴ «ጥያቄዎቹን ቀደም ብለው ይላኩልኝ» አልኩት። «ጥያቄ የለም፤ ዝም ብለው ነው የሚያወሩት» አለኝ።

ሥራዬ ጥብቅ ደንብ አለው። ሰውየው ያለውን ትላለህ፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ አታሳምርም። እሱ «እኔ» ካለ አንተም «እኔ» ትላለህ። ሰው ልጁን እንዴት እንደቀበረ ሲናገር «ልጄን ቀበርኩ» ያልኩ ሴት ነኝ። ይህንን እሱም ያውቃል፤ እንዲህ ዓይነት ቀን የዋልኩ ዕለት ራሴን የሚደባብሰኝ እሱ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሄድፎን አድርገን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከሱ ፊት አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ግጥሙ መሰለኝ። ማናጀሩ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ አውራ ጣቱን ያሳየናል። የፕሮግራሙ አቅራቢ ሳቂታ ሴት ናት። የት ተወለድክ፣ መዝፈን እንዴት ጀመርክ፣ ናይሮቢ እንዴት ተቀበለችህ፣ ቀጣዩ ሥራህ ምንድን ነው። አራቱንም እንደ ውኃ አስተረጎምኩ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ ዓይኗን እያጠበበች ጠየቀች፦ ባለ ጫማዋ ልጅ የት ናት? እውነተኛ ሰው ናት? ልብህ ተይዟል ወይ?

ጥያቄውን በአማርኛ ስነግረው ድምፄ ውስጥ ሳቅ ነበር። አሁን ዞር ብሎ ያየኛል ብዬ ጠበቅኩ። ማይክሮፎኑን እያየ እንዲህ አለ፦

«ልጅቷ በሐሳቤ የፈጠርኳት ናት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለች ሰው የለችም። ብቻዬን ነኝ።»

ክው አልኩ። በሬዲዮ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቅ ያውቀዋል። አቅራቢዋ ቅንድቧን አነሳች። ማናጀሩ መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። መዋሸት እችል ነበር። ሄድፎኑን ወርውሬ መውጣት እችል ነበር። ያደረግኩት ግን ሥራዬን ነው። ልጅቷን በሐሳቤ ነው የፈጠርኳት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለች ሰው የለችም፣ ብቻዬን ነኝ አልኩ፤ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ሴትዮዋ እልል አለች፤ የናይሮቢ ሴቶች ሰምታችኋል ብላ ጮኸች። የቀሩትን ጥያቄዎች እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

ሲያልቅ እሱ ከአቅራቢዋ ጋር ፎቶ ሊነሳ ወጣ። ያን የታጠፈ ወረቀት ረስቶት ሄዷል። ላቀብለው አነሳሁትና ገለጥኩት። ግጥም አይደለም። በእንግሊዝኛ የተተየቡ ስምንት ጥያቄዎች ናቸው፤ ከየጥያቄው ሥር በአማርኛ፣ በሱ የእጅ ጽሑፍ፣ መልሱ አለ። አምስተኛው ላይ መጀመሪያ «አዎ፣ አለች» ብሎ ጽፎ ሰርዞታል። ከሥሩ «በሐሳቤ የፈጠርኳት» ይላል። ያ የተሰረዘው ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። ባይጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«ጥያቄ የለም አላልከኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

«ታዲያ ለምን ሌላ ሰው አላመጣህም? ናይሮቢ አስተርጓሚ ጠፋ?»

አንገቱን ደፋ። «ሌላ ሰው ያበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። አንቺ አትጨምሪም፣ አትቀንሺም» አለ።

ይህን እንደ ምስጋና ነው የተናገረው። ማናጀሩ መሃላችን ገብቶ «ሲስ፣ ፐርፌክት ነበርሽ! ሲንግል አርቲስት ነው የሚሸጠው፣ ዩ ኖው፣ ቢዝነስ ነው፣ በልብሽ እንዳትይዢው» አለኝ። በጥፊ ባለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለቤተሰቦቼ አልነገርኩም። ያንን ጣቢያ አይሰሙም፤ ቢሰሙም አባቴ እንግሊዝኛ ሲፈጥን አይከተልም። ሰው ምን ነክቶሽ ዝም አልሽ ይለኛል። እሁድን ፈልጌ ነዋ! ሽማግሌዎቹ ከመጡ መረጠኝ ማለት ነው፤ ከቀሩ ትቶኛል። ቆርጬ የያዝኩት ይህንን ነው። አራት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እሁድ መጡ። ሦስቱም። ደወሉ ሲጮህ ኩሽና ውስጥ ያለች በርጩማ ላይ ዘጭ አልኩ። እናቴ ለሁለቱ ዶሮ፣ ለኢስሊው ነጋዴ ለብቻ ዓሣ ሠርታለች፤ በሩን ስትከፍት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም ይቅር ብዬው ነበር፤ ሬዲዮውን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም።

እንደ ባለፈው ቆመው ነው የተናገሩት። አባቴም ጉሮሮውን ጠርጎ እሺታውን ሊሰጥ ሲል ኢስሊ የሚነግዱት ሽማግሌ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንዲት ነገር አለች፤ ትንሽ ናት» አሉ። «ልጃችን ነገሩ ለጊዜው በእኛ መሃል ይቆይልኝ ብሏል። ለሁለት ዓመት ቀለበት፣ ፎቶ፣ ድግስ አይኑር ነው የሚለው። ሥራው ሆኖበት ነው እንጂ ልቡስ እዚሁ ነው።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ወለሉን ያያል።

«ልጄን ደብቄ ነው የምድራት?» አለ አባቴ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ እንደዚህ ዓይነት ነገር ላይ የማይደረገውን አደረገ፤ ወደ ኩሽናው ዞሮ ጠራኝ። «ነይ እስቲ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሽንኩርት የሸተተ እጄን በሽርጤ እየጠረግኩ ወጣሁ። አራቱም ያዩኛል። እውነቱን ልናገር፤ እሺ ልል ነበር። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ሦስት ዓመት ኖሬበት የለ ብዬ። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ሊረዱኝ ፈልገው ነው መሰል፣ በደግነት እንዲህ አሉኝ፦

«እሱ እኮ በአንቺ ይተማመናል፣ ልጄ። ‹እሷ ያልኳትን እንዳልኩት ነው የምታደርገው፤ አንድ ቃል አይወጣትም› ነው ያለን።»

ለካ እንደገና ሥራ ነው የላከልኝ።

«አይሆንም በሉት፣ ጋሼ» አልኩ።

እናቴ ከኋላዬ «ወይኔ» አለች። አባቴ ግን አልመረመረኝም። ሽማግሌዎቹን «በሉ ተቀመጡ፣ ምግቡ ምን አደረገ» አላቸው። ተቀመጡ። እኔው አቀረብኩላቸው፤ እጅም አስታጠብኩ። ሦስቱም ሰው ለማስደሰት እንደሚበላ ሰው ቶሎ ቶሎ በሉ። መርቀውን ሄዱ።

አስራ አንድ ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጠራ። በሱ ስልክ፣ ራሱ። ማናጀሩ አይደለም። በረንዳ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ለምን ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ «ለምን?» ቢለኝ፣ ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ እንኳ፣ ያን እንቢታ መልሼ እውጠው ነበር። ያኔ ያን ያህል እወደው ነበር።

«ሰማሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽማግሌዎቹ ለሰው ያወሩ ይሆን እንዴ?»

ከታች መንገዱ ላይ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ትንሽ ቆየሁ፤ ሌላ ነገር ይጨምር ይሆን ብዬ።

«አያወሩም» አልኩት።

«አባትሽስ?»

«አያወራም።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋው።