ለአስረስ ሳልተረጉምለት የቀረሁት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝራለሁ፤ አስረስ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

በሰው አገር፣ የጥገኝነት ማመልከቻ በሚመረምር መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። እሱ አመልካቹን በዓይኑ አያየውም፤ የተጻፈውን ብቻ ያነባል። አስተርጓሚው አመልካቹን የሚያውቀው ከሆነ ደግሞ ተናግሮ መውጣት አለበት።

አንድ ቀን አስረስ ገባ። የብልባላው አስረስ፣ አብሮኝ ዳዊት የደገመው! አባቱ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። "ታውቀዋለህ?" አለችኝ ጠያቂዋ። "አላውቀውም" አልኳት። ለምን? ያን ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞብኝ ነበር፤ ከወጣሁ መልሰው የሚጠሩኝ አልመሰለኝም። እንጀራዬን ፈራሁ፤ ይኸው ነው።

አስረስ ታጣቂዎች ኩልመስክ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ እንዳሰሩት ተናገረ። አያያዛቸው እንዴት እንደነበር ጠየቀችው።

"ተመስገን ነው፤ ደኅና ነበርን" አለ።

የላስታ ሰው ነዋ! መከራውን ከማውራቱ በፊት ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ደጋግመው ካልጠየቁት ቁስሉን አይገልጥም። ይህ ጠፍቶኝ ነው? ጎድኑ ተሰብሮ በቃሬዛ ብልባላ እንደገባ እህቴ በስልክ ነግራኝ የለም ወይ? "ደኅና ነበርን" ብዬ ተረጎምኩ። ሴትዮዋም ጻፈች።

ከዚያ አስረስ ወደ እኔ ዞረ። "የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ እባክህ ንገርልኝ" አለኝ።

"ምን አለ?" አለች።

"የምጨምረው የለኝም ነው የሚለው" አልኳት።

ሲያልቅ የጻፈችውን በአማርኛ መልሼ የማነብለት እኔው ነበርኩ። "የምጨምረው የለኝም" የምትለዋን መስመር ዘለልኳት። አስረስ አምኖኝ ፈረመ።

አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ያው ደንብ መቀነስንስ መቼ ፈቀደ? ደንብ የሚታወሰኝ ሲመቸኝ ብቻ ነው። እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት፤ እኔ ነኝ። ወሳኙም "በደል አልደረሰበትም" ብሎ ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ። አስረስ ካረፈበት የስደተኞች መጠለያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

ዘንድሮ ለገና ላሊበላ መጣሁ። የኔታ መምጣቴን ሰምተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ከብልባላ በእግራቸው ደረሱ።

"ልጄ፣ እዚያ አገር አስረስን አግኝተኸው ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አላገኘሁትም፣ የኔታ" አልኳቸው። ሁለተኛ ካድኩት።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። "እንኳን እናትህን እንደኔ አላደረጋት" ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ብልባላ ከዚህ ከላሊበላ ሩቅ አይደለም፤ መኪናም አለ። እስካሁን ሄጄ ለየኔታ እውነቱን ያልነገርኳቸው ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።