ምርጫ የሚጠብቅ ቅቤ

ወላይታ ሶዶ ገበያ ውስጥ እታፈራሁን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም የሜላት እናት ይላታል። እኔም ቅቤ የምሸጠው ከጎኗ ስለሆነ የቤቷን ነገር ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንድ ልጅ ሜላት ናት፤ እሷም ሥራ ፍለጋ ኢየሩሳሌም ሄዳ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ሆናለች።

መስከረም ላይ ጊፋታ፣ የእኛ ዘመን መለወጫ፣ ሲመጣ ከቤተሰብ ሰው አይጎድልም። ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ለሚታረደው በሬ ያጠራቅማል፣ ሴቷ ለቅቤው። እኛ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ አዋጥተን በተራ እንወስዳለን። ለጊፋታ የተቀመጠ ቅቤ በጊፋታ ማለቅ አለበት፤ ለከርሞ አይተርፍም።

ሜላት ለጊፋታ እመጣለሁ ብላ ነበር። ጦርነት ተነሣ። የአሮጊቷ አንድ ልጅ ተጠባባቂ ወታደር ነው፤ እሱ በተጠራ ቁጥር አሮጊቷን የሚያገላብጣት ከሜላት ሌላ የለም። ስለዚህ ቀረች። በሚቀጥለውም ዓመት ቀረች። እታፈራሁ ግን ቅቤውን አልነካችም። የማሰሮውን አፍ በኮባ አስራ አስቀመጠችው።

«የሜላት እናት፣ ቅቤሽ ሳይዳር አረጀ» እያልን እንስቅባት ነበር።

«ባለቤቱ ሳይመጣ ማን ይበላዋል?» ትለናለች።

ከዚያ አንድ ቀን ሜላት ደወለች። በዚያ አገር ምርጫ ሊደረግ ነው፤ ሌላ መሪ ከመጣ ጦርነቱ ይቆማል ትላለች አሮጊቷ። ከቆመ ልጇ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሜላትም ትመጣለች። ዜና ሰምታ የማታውቀው እታፈራሁ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምርጫ ሰው ሆነች። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣውን ደንበኛዋን መምህር ኤልሳዕን ሳትጠይቅ አትለቀውም።

«መምህር፣ የእስራኤል ምርጫ ምን ደረሰ?»

«ዋጋ ቀንሺልኝና ልንገርሽ።»

«መጀመሪያ ንገረኝ፤ እንደ ወሬው ጥራት እቀንሳለሁ።»

መምህሩ ምርጫ ይለውጣል ባይ ነው። ከግብፅ ጋር የታረቁት በምርጫ የመጣ መሪ በፈረመው ነው አለ። ከፍልስጥኤማውያን ጋርም አንድ ምርጫ ንግግር እንዳመጣ፣ ሌላ ምርጫ ደግሞ ንግግሩን እንዳቀዘቀዘው ነገረን። አጠገባችን የቆመው ጋሽ ዳና የድንበር ጠብ ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው።

«እኛ ስናስታርቅ ሁለቱም ሰዎች ይመጣሉ» አለ። «አንደኛው ብቻውን ሽማግሌ መርጦ፣ ዳኛ መርጦ ቢመለስ የሌላው ልብ ያርፋል?»

«ጋሽ ዳና፣ መታረቅ የሚፈልግ ሰው ሥልጣን ላይ ካልተቀመጠ ደግሞ ወደ ሽማግሌ የሚሄደው ማነው?» አለው መምህሩ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ ጋሽ ዳና።

ምርጫ ምንም አይለውጥም አልልም። እኛም ስለ ክልል በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ የመጀመሪያው ስለተሰረዘ፣ ሁለት ጊዜ ተሰልፈናል። አዲስ ክልል ተመሠረተ፣ ቢሮ መጣ፣ የቤት ኪራይ ተወደደ። እታፈራሁ የምትፈልገው ግን ቢሮ አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት ላይ መሪያችን ወሰንየለሽ ለእስራኤል ድል እንጸልይ አለች። እታፈራሁ ቀና አለች።

«እኔ የምጸልየው ያ የአሮጊቷ ልጅ እንዳይጠራ ነው።»

«አንድ ሰው ብቻ? ጸሎትሽ እኮ ስስታም ነው!»

«እሱ ካልተጠራ እናቱ አታለቅስም። እሱ የሚተኩስበትም ይተርፋል። ከዚህ በላይ ምን ልለምን?»

ሴቶቹ ሳቁ። ወሰንየለሽ አልሳቀችም፤ ጸሎቱን ጀመረች።

ክረምቱ ሲገባደድ ሜላት ደወለች። እታፈራሁ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ ስላደረገችው እኔም ሰማሁ።

«እማ፣ እዚህ ቤት ሌሊትና ቀን ስለ ምርጫ ነው። ማን ይውረድ፣ ማን ይውጣ ይጨቃጨቃሉ። ስለ ፍልስጥኤማውያን ግን አንድ ቃል አይነሣም። መድኃኒት ቤት የአሮጊቷን መድኃኒት የምትሰጠኝ ፍልስጥኤማዊት እኩያዬ ናት። በዚህኛው ምርጫ ድምፅ የላትም፤ የራሳቸውም ምርጫ ከተደረገ ብዙ ዘመን ስለሆነው መርጣ አታውቅም። ማንም ቢመጣ የወታደሮቹ ፍተሻ ኬላ ላይ የምቆመው እኔው ነኝ ትለኛለች።»

«ልጁስ?»

«ትናንት እንደገና ተጠራ።»

እታፈራሁ ስልኩን ወደ ሌላው እጇ አዛወረችው። «ምርጫው ሲያልፍስ?»

«አላውቅም እማ። አሮጊቷ አሁንም ተስፋ አላት። እኔ ግን ጠብቂኝ ልልሽ አልችልም።»

በማግሥቱ እታፈራሁ ገበያ አልወጣችም። ቤቷ ስሄድ ኮባውን ፈትታ አገኘኋት። ቅቤው ጠንክሮ ሽታውም ከርሮ ነበር። በኮሰረት አነጠረችው፤ እኔ አረፋውን ገፈፍኩላት። አላለቀሰችም። ወደዚያ አገር ለሥልጠና የምትሄድ አንዲት የኦቶና ሆስፒታል ነርስ ስለነበረች፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ሞልታ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልላ ለሜላት እንድታደርስላት ሰጠቻት።

ትንሽ አስቀርታ ነበር። ለጊፋታ በዚያ ሙቹዋ ሠራች፤ እንሰት በቅቤ የሚታሽበት የበዓላችን ምግብ ነው። ጎረቤቶቿን ጠርታ ማሰሮውን እስኪነጣ ጠረግነው። ሜላት በስልክ፣ ሽታው ለጥየቃ የመጣችውን የአሮጊቷን ምራት መስኮት አስከፈታት፣ አሮጊቷ ግን ዳቦ ላይ ቀብታ ጨመር አድርጊልኝ አለች ብላ አሳቀችን።

ከበዓሉ በኋላ መምህር ኤልሳዕ እየተቻኮለ መጣ።

«የሜላት እናት፣ የምርጫውን አዲስ ወሬ ሰማሽ?»

«በርቱ በላቸው» አለችው፣ ሚዛኑን እየጠረገች። «አንተ ስንት ኪሎ ነው የምትፈልገው?»