ተቀምጣ ትለካ

እኔ ባደግሁበት ወግ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም። የራሽን ካርድ ላሳድስ ስሄድ ጸሐፊው «የባል ስም?» ሲለኝ፣ አጠገቤ የተሰለፈችውን ሴት በክርኔ ነካ አደርጋታለሁ፤ እሷ ትናገርልኛለች። መጻፍ ግን መጥራት አይደለምና እዚህ ልጻፈው። ኤካምባራም ይባላሉ። ማይላፖር በሚባለው የከተማችን ሰፈር ውስጥ፣ ከቤተ መቅደሱ ኩሬ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ፣ የዳንሰኞች ልብስ ሰፊ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰፍተዋል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ተድሬ፣ ሃያ ዘጠኙን ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ሽንሽን ስይዝ ኖሬአለሁ። ስለ እኔ የሚነገረው ይኸው ነው።

የሳቸው ሕግ አንዲት ናት፦ ዳንሰኛ ቆማ አትለካም። የእኛ ዳንስ የቁም ዳንስ አይደለም። ተረከዝ ከተረከዝ ይገጥማል፣ ጉልበቶች ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፣ ወገብ ቀጥ ይላል፣ ሰውነት መሬት ሳይነካ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀመጣል። ልጅቷ መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የምትኖረው እዚያ ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል የሚሰፋው ሽንሽንም የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ስትቆም ይከደናል፣ ስትቀመጥ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ስለዚህ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ እሳቸው ገና ከበሩ ላይ «ተቀምጣ ትለካ» ይሏቸዋል። አዲስ የመጣች እናት ወዲያው ዞር ዞር ብላ ለልጇ ወንበር ትፈልጋለች። የቆዩት እናቶች ይሄን አይተው ካልሳቁ ቀኑ የጀመረ አይመስላቸውም።

ሜትር ተጠቅመው አያውቁም። አባታቸውም አልተጠቀሙም። የሚለኩት በጥጥ ሲባጎ ነው። የሴት ልጅ ገላ ስለማይነኩ ሲባጎውን ገላዋ ላይ የምይዘው እኔ ነኝ፤ «ያዝኩ» ስል እሳቸው ይቋጥራሉ። አንዱ ቋጠሮ ወገብ ነው፣ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ቁርጭምጭሚት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ልጅቷ ተቀምጣ ሳለች ከመሐል እስከ ግራ ጉልበቷ፣ ከመሐል እስከ ቀኝ ጉልበቷ ያለውን ስፋት ይይዛሉ። ለየብቻ ነው የሚለኩት፤ እኩል የሚከፈቱ ሁለት ጉልበቶች የፈጠረ አምላክ እስካሁን አላየሁም ይላሉ። ሲያበቁ ከልጅቷ ሐር የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ ከሲባጎው ጫፍ ያስሩና ግድግዳው ላይ በሚስማር ይሰቅሉታል። ከአራት መቶ በላይ ሲባጎ ተሰቅሏል። አንዳንዶቹ ልጆች ዛሬ አያት ሆነዋል።

መቀሱ የአባታቸው ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ መሣሪያ በሚከበርበት በዓል፣ የሰንደል ቅባትና ቀይ ዱቄት ተቀብቶ፣ አበባ ተደርጎለት ሥራ ፈቶ ይውላል። በቀረው ቀን ከሳቸው እጅ አይወጣም። እኔ እሸነሽናለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ መንጠቆ እተክላለሁ። ጨርቅ የሚቆርጡት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስኳር ዓይናቸውን የወሰደው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ክሩ ከመርፌው ዓይን መግባት እንቢ አለ፤ እኔ አስገባሁላቸው። ቀጥሎ ሰማያዊና አረንጓዴ አንድ ሆኑባቸው፤ እኔ ነገርኳቸው። ባለፈው ሚያዝያ ግን አንድ ቀይ ሐር ሲቆርጡ መቀሱ ጥለቱ ውስጥ ገባ። የወርቅ ክር ሲቆረጥ ድምፁ ይለያል። ሁለታችንም ሰማን። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣሉበት፣ ወጥተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ስምንት ወር እዚያው ተቀመጡ። ሰው ሲጠይቃቸው ሰፊ ነበርኩ ይላሉ። ያቺ «ነበርኩ» ከዓይናቸው መጥፋት ይልቅ እኔን ታደክመኝ ነበር።

ልጃችን ሴልቫም ክፉ አይደለም። ሥራ የሌለው ክፍል ባዶውን ከሚቆም ብሎ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ተከራይ አገኘ። በጥር፣ ከመከር በዓሉ በኋላ፣ ሰውየው ይገባል ተባለ። አንድ ቀን ግድግዳውን እያየ ሲባጎዎቹን በአንድ ላይ አስሬ በከረጢት ላስቀምጣቸው ወይ ብሎ አባቱን ጠየቀ።

«አንድ ላይ ካሰርካቸው ገመድ ይሆናሉ» አሉት። ልጁም ዳግመኛ አልጠየቀም፤ ተከራዩን ግን አልሰረዘም።

በዚያው ሰሞን ዋናው መንገድ ላይ ትልቅ የዳንስ ልብስ ሱቅ ተከፍቶ ነበር። መስታወት አለው፣ ቀዝቃዛ አየር አለው፣ ልኬቱን በስልክም ይቀበላል። ደንበኞቻችን እያፈሩም ቢሆን ወደዚያ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

ታኅሣሥ መጣ። በታኅሣሥ እዚህ ከተማ የማይዘፍን አዳራሽ የለም፤ ጠዋት ሲዘፈን፣ ከሰዓት ሲዘፈን፣ ማታ ሲደነስ ይከርማል። በአንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሴቶች ከባለ ሦስት እግር አውቶ ወርደው በራችን ላይ ቆሙ። የፊተኛዋ የዳንስ መምህርቷ ሳራዳ አማ ናቸው፤ አማ የምንላቸው እንደ እናት ነው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ሲሄዱም በተረከዛቸው ምት እየቆጠሩ ነው። ከኋላቸው የድሮ ተማሪያቸው ኩሙዳ፣ ከሷ ኋላ ደግሞ የኩሙዳ ልጅ ያዚኒ። ያዚኒ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዓርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መድረክ ትወጣለች። ጥሪው ተበትኗል፣ አዳራሹ ተይዟል።

«ማስተር፣ አሉ?» አሉ ሳራዳ አማ።

«እኔ አለሁ። የሄዱት ዓይኖቼ ናቸው።»

ኩሙዳ ፌስታሏን ፈታች። የአዲሱ ሱቅ ልብስ ነው። ልጅቷ ትናንት ለልምምድ ለብሳው ገና ግማሽ ቁጭ ስትል ከውስጥ ጭኑ ላይ ተተርትሯል፤ ሽንሽኑም ወደ አንድ ወገን ሄዶ ተጣጥፎ ቀርቷል። ባለቤቴ በጣታቸው ስፌቱን ተከትለው እስከ ቅዳጁ ሄዱ።

«ቆማ ተለክታለች» አሉ።

ኩሙዳ አንገቷን ደፋች። ሳራዳ አማ ወደ እሷ እያዩ፣ እኔ ወደዚህ ልኬያት ነበር፣ ብርድ ያለበት ቤት ካላሰፋሁ ያለችው እሷ ናት አሉ።

«በዚያ ብርድ ጉልበት አይታጠፍም መሰለኝ» አሉ ባለቤቴ። ያዚኒ ሳቀች። ያኔ ነው ሁላችንም ትንሽ የተነፈስነው።

ኩሙዳ ከቦርሳዋ ሌላ ሐር አወጣች። የራሷ ነው፤ የማንጎ ቀለም ያለው፣ ወይን ጠጅ ጥለት። ከሃያ አራት ዓመት በፊት እሷም ልትደንስበት ገዝታ ሌላ ቀለም እንድትለብስ ታዛ የተረፈ፣ መቀስ ያልነካው። አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥለት ዛሬ የሚሠራ የለም፤ ቢኖርም በሁለት ቀን አይደርስም። ቢበላሽ ልጅቷ የሌላ ሰው ልብስ ለብሳ ትወጣለች፣ ባለቤቴም «ነበርኩ» እንዳሉ ይቀራሉ።

«አልችልም አማ» አሉ። «ጥለትና ሜዳ አልለይም።»

«ይለኩልኝ እንጂ። ቆራጩን እኔ ፈልጌ አመጣለሁ» አሉ ሳራዳ አማ።

መለካት ዓይን እንደማይፈልግ እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር። ሲባጎ አመጣሁ። ያዚኒ ሳትታዘዝ ተረከዟን ገጥማ ግማሽ ተቀመጠች። ወገቧ ላይ ይዤ «ያዝኩ» አልኩ፤ ቋጠሩ። ጉልበቷ ላይ ይዤ «ያዝኩ» አልኩ፤ ቋጠሩ። ከስምንት ወር በፊት እንደነበረው ነው፤ እጃቸው አልዘገየም። ሲያበቁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቋጠሮዎች በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱ። ከዚያ ተነስተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ከላይኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሲባጎዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ጫፋቸው ላይ ያለችውን ጨርቅ በጣታቸው አሻሹ። አንዱን አወረዱ። ከያዚኒ ሲባጎ ጎን ለጎን ያዙት።

«የግራው በአንድ ጣት ያንሳል» አሉ። «የእናትሽ ጉልበት ነው።»

ኩሙዳ ያ ሲባጎ የሷ መሆኑን ያወቀችው ጫፉ ላይ የቀረችውን ሮዝ ሐር ስታይ ነው። አፏን በእጇ ያዘች።

ሳራዳ አማ ማመን አቃታቸው። ያንን ግራ ጉልበት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክፈቺ እያልኩ በምት መምቻዬ ዱላ ስነካው ኖሬ፣ ዕለቱ ሲደርስ መድረክ ላይ እኩል ተከፍቶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ አሉ።

«እርስዎ ይመቱታል፣ እኔ እደብቀዋለሁ» አሉ ባለቤቴ። «በግራ በኩል አንድ ሽንሽን ጨምሬላት ነበር። ጨርቁ ቀድሞ ሲዘረጋ ጉልበቱ የዘረጋው ይመስላል።»

ሳራዳ አማ ወደ እሳቸው ዞሩ። ሃያ አራት ዓመት የኔ ትምህርት ነው እያልኩ የኮራሁት በርስዎ ሽንሽን ነዋ አሉ። ተቆጥተው ይሁን ወይ ደስ ብሏቸው እስከዛሬ አላወቅሁም።

ከዚያ ቆራጭ ማን ይሁን ተባለ። ባለቤቴ መቀሱን ከተከደነበት ጨርቅ ስር አወጡት። መቀስ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥምና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እጀታውን ወደ እኔ አዞሩት። እኔ እምቢ ልል ነበር። ግን ሰው ተሰብስቦ ቆሟል፣ ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ ሲደክመኝ አልከራከርም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያየሁት ነገር ነው። ሐሩን ዘረጋሁ። እሳቸው ሲባጎውን ላዩ ላይ አጋድመው ቋጠሮው ላይ አውራ ጣታቸውን ይጫናሉ፤ እኔ ጥለቱ የት እንዳለ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው «እስከዚህ» ይላሉ። ከጥለቱ ጋር ስንደርስ እጄን በእጃቸው ሸፈኑና እስክቆርጥ አልለቀቁም። በግራ በኩል አንዷን ሽንሽን ጨመርን። ሐሙስ ማታ መንጠቆው ተተክሎ አለቀ።

ዓርብ ምሽት በአሥራ ሁለት ሰዓት አዳራሹ የኋላ ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ሴቱ ሁሉ የጃስሚን አበባ በፀጉሩ ሰክቶ አዳራሹ ታውዷል። ሴልቫምም ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። መጋረጃው ሲከፈት ያዚኒ ቆማለች፤ ሽንሽኗ ተከድኗል። ከበሮው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ጸጥታ አለች፤ ልጅቷ የምትቀመጠው በዚያች ጸጥታ ነው። ባለቤቴ ፊታቸውን ዞር አድርገው ጆሯቸውን ወደ መድረኩ አዞሩ። የእግሯ ቃጭሎች አንዴ ቅጭል አሉ፣ ከዚያ ሐሩ ድምፅ አወጣ። ደረቅ፣ አጭር፣ አንድ ድምፅ።

«እኩል ተከፈተ» አሉ።

እኔ በዓይኔ አየሁት፤ እውነት እኩል ነው የተከፈተው። የማንጎው ቀለም በመብራቱ ስር ተዘርግቶ፣ ወይን ጠጁ ጥለት ከግራ ጉልበት እስከ ቀኝ ጉልበት አንድም ቦታ አልተሰበረም። እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነበር። ሰው ፊት ነክተውኝ አያውቁም። አላነሱትም፣ እኔም አላስነሳኋቸውም።

በመጨረሻ ሳራዳ አማ ማይክ ይዘው ዘፋኟን አመሰገኑ፣ ከበሮ መቺውን አመሰገኑ፣ ዋሽንት ነፊውን፣ ፊት የቀባውን ሰው ሳይቀር። ለሁሉም ሻርፕ ደረቡላቸው። የልብስ ሰፊ ስም አልተጠራም። ተጠርቶም አያውቅም፤ እንዲያ ነው። ሴልቫም ግን አልለመደውምና ተናደደ፤ አባቱን፣ ለምን አይጠሩዎትም አፓ፣ አላቸው። እሳቸውም ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጠራኝ አልሰማህም ወይ አሉት። ወደ ቤት ስንመለስ እጃቸውን ይዞ የመራቸው እሱ ነው፤ ሌላ ጊዜ ለእኔ ይተወዋል።

ከማግስቱ ጀምሮ በራችን ላይ የጫማ ብዛት ጨመረ። ሳራዳ አማ ምን ብለው እንደተናገሩ አላውቅም፤ ማክሰኞ ዕለት አሥራ አንድ ጥንድ ቆጠርኩ። ሴልቫምም ጫማዎቹን ተሻግሮ ሲገባ ብዛታቸውን አይቶ፣ ውጭ ወጥቶ ለተከራዩ ደወለ። ምን እንዳለው አልጠየቅሁትም። የሲባጎዎቹን ሚስማሮች ግን በመዶሻ ሲያጠብቅ ዋለ።

በሳምንቱ የዋናው መንገድ ሱቅ ባለቤት ራሷ መጣች። ሃሪኒ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ሜትር በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ትሕትና አላት፤ ልብሱ በመቀደዱ እንዳፈረች ተናገረች። ከዚያ ማስተር፣ ልኬቱን ያሳዩኝ፣ ቁጥሩን ልጻፈው አለችና ደብተሯን ከፈተች።

ባለቤቴ ቁጥር የለውም አሏት። እኔ እምቢ ያሉ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ፈገግ ብለው አንገታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

«መጀመሪያ አንቺ ተቀመጪ» አሏት።

ሃሪኒ አመሰገነችና ዞር ዞር ብላ ወንበር ፈለገች። አግዳሚው ላይ የነበሩት እናቶች ሳቁን መያዝ አልቻሉም። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

«ተረከዝሽን ግጠሚ» አሏት፣ ወደ እኔም እጃቸውን ዘርግተው፦ «ሲባጎ አምጪ።»