እናቴ የመሰከረችበት እሑድ

በጃንሆይ ዘመን፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ቁስል ከደረቀ ሰው ድኗል ማለት ነበር። ከዚያ በኋላ አመመኝ የሚል ሰው ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ፈልጓል። እናቴ የኖረችው በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች መሃል ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እግሯን የመታት የእንሰት መቁረጫ ገጀራ ነው። ግንዱን ስትመታ ተንሸራቶ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ገባ። በእኛ አገር እንሰት የሚፋቅበት ቦታ የሴቶች ነው። ወንድ አይደርስበትም፤ አባቴ እንኳ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ሴቶቹ ዛሬ በአንዷ ጓሮ፣ ነገ በሌላዋ ጓሮ ተሰብስበው ይሠራሉ። ጣውላ አዘንብለው መሬት ላይ ይቀመጡና አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው እንሰቱን በተረከዛቸው ጣውላው ላይ ይይዛሉ፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ይፍቃሉ። እግር ከሌለ ቆጮ የለም። የእናቴ እግር የእኛም ጉሮሮ ነበር።

ቁስሉ ደህና አድርጎ ደረቀ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠባሳው አካባቢ እሳት የተቀመጠበት ያህል ያቃጥላታል። የቀሚሷ ጫፍ ሲነካት ትዘላለች፤ ነፋስ ሲነፍስ ጥርሷን ትነክሳለች። ድመታችን ታክካት እንዳታልፍ በዱላ ታባርራት ነበር። አባቴ ጠባሳውን በደንብ አገላብጦ አየና «ምንም የለበትም እኮ» አለ። ክፉ ሰው ስላልነበረ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ፊት አውጥተው እጃቸውን ጫኑባት። ጉባኤው በሙሉ ዘመረ፤ መዝሙሩ ከፍ ሲል የሣር ጣሪያው የሚነሣ ይመስል ነበር። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ስትገልጠው ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። ጠባሳውን በመዳፏ አሸችው፤ አልዘለለችም። እንደ ሥርዓቱ ወደ ጉባኤው ዞራ ቆማ «ጌታ ፈወሰኝ፤ ሕመሙ የለም» ብላ መሰከረች። እልልታው ቀለጠ። እኔም አለቀስኩ፤ በደስታ።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንዟ ጋ ስንደርስ እርምጃዋ ተቀየረ። ቀና ብዬ አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች፣ ግንባሯ በላብ ርሷል። «እማዬ፣ ተመለሰ?» አልኳት። «ዝም በይ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አመመኝ የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ድኛለሁ ያለች ሴት እንዴት ተመልሳ አመመኝ ትላለች? ደቦ ሲሆን ከሌሎቹ ፈንጠር ብላ ትቀመጥና ጤነኛውን እግሯን ጣውላው ላይ ትሰቅላለች። ያም አልበጃትም፤ የታመመው እግር መሬት ሲነካው ይብስባት ነበር። ሴቶቹ ስታነክስ አይተው ሹክ ይባባላሉ፤ አንዷማ እኔ እየሰማሁ «እምነቷ ጎድሎ ነው» አለች። ደግሞ አንድ ቀን የጎረቤት ላም የእንሰት ችግኛችን ውስጥ ስትገባ እናቴ ብድግ ብላ እየሮጠች አባረረቻት። ሳታነክስ! በማግስቱ ወሬው ተገለበጠ፤ ማነከሷ ከሥራ ለማምለጥ ነው ተባለ። እሷም በበኩሏ በልቧ ራሷን ትከስሳለች። ከቤቱ ጀርባ ብቻዋን ስትጸልይ የሰማኋት «ምስክርነቴን ውሸት አታድርግብኝ» ስትል ነው። ስለ እግሯ አንድም ነገር አልለመነችም።

እኔ ያን ጊዜ ከተማ ትምህርት ቤት እማር ነበር። እዚያ ጤና ጣቢያ ከአዲስ አበባ ሐኪም መጣ ሲባል ሰማሁና ለገበያ ነው ብለን ቅቤ ይዘን ወጣን። ሐኪም ጋ ስትሄድ ከታየች ምስክርነቷን በገዛ እጇ ሻረች ማለት ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሃዲይኛ አይችልም፤ እኔ አስተረጎምኩ። ጠባሳውን ካየ በኋላ ዓይኗን አስጨፍኖ በትንሽ ጥጥ ዳበስ አደረጋት። እናቴ ጮኸች። «እውነታቸውን ነው» አለኝ፣ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ። ይህን ያላት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ገጀራው ሥጋ ብቻ ሳይሆን ነርቭም እንደቆረጠ አስረዳኝ። የተጎዳ ነርቭ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ወሬ መላኩን አያቆምም። አንጎልም ያንን ወሬ መስማት ይለምዳል፤ ጥጥ ሲነካውም እንደ እሳት ይሰማዋል። ማዶ ካለው ሱቅ የሚሰማውን ሬዲዮ እያመለከተ፣ አንጎል ራሱ ድምፁን የሚቀንስበት መንገድ አለው አለኝ። ሰው ሲደነግጥ፣ ልቡ በአንድ ነገር ሲሞላ ይቀንሰዋል። እንደሷ ዓይነት ሕመም ሲቆይ ግን ያ መንገድ ይደክማል፤ ቢቀንስም ወዲያው ይመለሳል።

«መድኃኒቱስ?» አልኩት።

«እዚህ የለኝም። አዲስ አበባም ብትሄዱ የሚያድን አላውቅም። አስፕሪን እሰጣችኋለሁ፤ ግን ብዙ አይረዳም።»

ተስፋዬ ቁርጥ አለ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። እናቴ ግን መድኃኒቱን የሰማችውም አትመስልም። «ያን እሑድ ዋሽቼ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው» አለችኝ።

ሐኪሙ አልገባውም። ስለ ጸሎቱ፣ ስለ መዝሙሩ፣ ስለ ላሟም ጭምር ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና ወደ እሷ ዞሮ፣ እንደማትሰማው እያወቀ በአማርኛ «አልዋሹም እናቴ፤ ያን ሰዓት በእውነት አላመመዎትም» አላት። ተረጎምኩላት። ጌታ ነው የቀነሰው ወይ ብላ ስታስጠይቀኝ «እሱን እኔ አላውቅም» አለ። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ቅቤውን ሳንሸጥ ተመለስን። ዳገቱን አጋምሰን ወደ ጃጁራ የሚያልፉ ገበያተኞች ሲደርሱብን እናቴ ቆመች። ከመሃላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ነበሩ፤ ሰላም አሏት። እንደ ወትሮው ቀጥ ብላ ታሳልፋቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች፣ ቀሚሷን ከጠባሳው ላይ ገለጠች፣ ሁሉም እየሰሟት «አመመኝ» አለች።